ኮራል አትንኩ የሚባለው ለምንድን ነው? ወደ ኪሲቴ ለመሄድ ላሰባችሁ

ኬንያ ባሕር ውስጥ ባለችው የኪሲቴ ደሴት አጠገብ ከጀልባ ወደ ባሕሩ ከመውረዳችሁ በፊት አስጎብኚው አጭር ማሳሰቢያ ይሰጣችኋል። ኮራል አትንኩ። ኮራል ላይ አትቁሙ። ዓሣ አትመግቡ። ዛጎልም ቢሆን ምንም ይዛችሁ አትውጡ። ሁሉም ሰው «እሺ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ግን አንዱ ትንፋሽ አጥሮት፣ እግሩ ያገኘው ነገር ላይ ቆሞ የዋና ማስኩን ሲያስተካክል ታዩታላችሁ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። የቆመበት ነገር ድንጋይ መስሎት ነው።

ሕጉን ሁሉም ይነግራችኋል፤ ምክንያቱን የሚነግራችሁ ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ደግሞ ማንም ሳይቆጣው ይጠነቀቃል። ስለዚህ ከምክንያቱ እንነሳ።

መጀመሪያ ቦታው የት እንደሆነ ልንገራችሁ። ኪሲቴ ከኬንያ የባሕር ዳርቻ ደቡባዊ ጫፍ፣ ታንዛኒያ ድንበር አጠገብ ነው። ከሞምባሳ ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ስትጓዙ ሺሞኒ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ትደርሳላችሁ። ጀልባ የምትሳፈሩት እዚያ ነው። ፊት ለፊት ዋሲኒ ደሴት አለች። እሷን አልፎ ወደ ውጭው ባሕር ሲወጣ ትንሿ የኪሲቴ ደሴትና በዙሪያዋ ያለው የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራሎች ተደራርበው የሠሩት የባሕር ውስጥ ክምር፣ ይገኛሉ። አካባቢው ኪሲቴ የባሕር ብሔራዊ ፓርክና ምፑንጉቲ የባሕር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ አንድ ላይ 39 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። የሚያስተዳድራቸው የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት ነው፤ ዝሆንና አንበሳ የሚጠብቀው ያው መሥሪያ ቤት ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው ሩቅ አገር እየሄደ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ሞምባሳ ይበርራል። ናይሮቢ ጉዳይ ያለው ደግሞ ከዚያ በባቡር ሞምባሳ መውረድ ይችላል፤ መስመሩ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው፤ የጾቮን የዱር እንስሳት ፓርክም አቋርጦ ያልፋል። እንደ እኛ ባሕር የሌለው አገር ላደገ ሰው፣ ሕያው ሪፍ ለማየት ይህን ያህል ቅርብ የሆነ ቦታ ብዙ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ኮራል እንስሳ ነው። ተክል አይደለም፣ ድንጋይም አይደለም። በትክክል ለመናገር፣ አንድ ኮራል የምንለው ነገር የብዙ ሺህ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል። ብዙዎቹ ከጥቂት ሚሊ ሜትር አይበልጡም። ለስላሳ ከረጢት የመሰለ ሰውነት፣ አንድ አፍ፣ በአፉ ዙሪያ ደግሞ ቀጫጭን ክንዶች አሉት። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ከባሕሩ ውሃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ጽዋ ይሠራል፤ ጽዋው ውስጥም ይኖራል። አንዱ ሲሞት ሌላው በላዩ ላይ ይሠራል። እንዲህ እየተደራረበ ነው ሪፍ የሚፈጠረው።

ውሃ ውስጥ ሆናችሁ፣ ሳትነኩ፣ አንድ ክብ ኮራል ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ላዩ በሙሉ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ነው። እያንዳንዱ ዓይን የአንድ ፖሊፕ ቤት ነው። ቀን ላይ አብዛኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው ስለሚቀመጡ ደረቅ ድንጋይ ይመስላሉ። ሲመሽ ክንዶቻቸውን አውጥተው በውሃው የሚያልፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን ይይዛሉ። በሕይወት ያለው ክፍል ላዩ ላይ ያለው ስስ ሽፋን ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው የቀድሞዎቹ አጽም ነው። እጅ ወይም እግር የሚያርፈው በዚያ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ሽፋኑ ከተላጠ የተጋለጠውን ቦታ አልጌ (እንደ ተክል ከብርሃን የሚኖር የውሃ ፍጥረት) ይይዘዋል፤ በሽታም በዚያ በኩል ይገባል። አንድ ጣት የነካው ቦታ ሁልጊዜ ይሞታል ማለት አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ ብዙ ጎብኚ በሚወርድበት ቦታ ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ቢነካ ምን እንደሚቀር አስቡት።

ዕድገቱም ሌላ ጉዳይ ነው። ቅርንጫፍ የሚያወጡት ኮራሎች ቢፈጥኑ በዓመት 10 ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ በልጠው ያድጋሉ። ክብ ቋጥኝ የሚመስሉት ግን በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ 2 ሜትር ከፍታ ያለው ክብ ኮራል 200 ዓመት ያህል ዕድሜ አለው ማለት ነው። መቅደላ ላይ ጦርነት ሲካሄድ እሱ እዚያው ባሕር ውስጥ እያደገ ነበር። የኮራልን ቅርንጫፍ ግን እግር ላይ የሚጠለቅ አንድ የፕላስቲክ መቅዘፊያ በአንድ ምት ይሰብረዋል።

የኮራል ቀለም ከየት ይመጣል? ፖሊፑ ራሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው በአብዛኛው በሰውነቱ ውስጥ የሚኖር በዓይን የማይታይ አልጌ ነው። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ከሠራውም አብዛኛውን ለፖሊፑ ይሰጣል። ኮራሉ ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ፖሊፑ ደግሞ በምላሹ መጠለያ ይሰጠዋል። ሪፍ ጥልቀት በሌለውና ጥርት ባለ ውሃ የሚኖረው ለዚህ ነው። ብርሃን ካልደረሰ ምግብ የለም። በመቅዘፊያ አሸዋ አታንሱ የሚባለውም ለዚሁ ነው። የተነሳው አሸዋ ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ሲሰክን ደግሞ ፖሊፖቹ ላይ ያርፋል።

ይህ ኑሮ በጣም ስስ ነው። ውሃው ከተለመደው ከፍተኛ የበጋ ሙቀት 1 ዲግሪ ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ አልጌው መርዛማ ነገር ማመንጨት ይጀምራል። ኮራሉ ያኔ ያስወጣዋል። አልጌው ሲወጣ ቀለሙ ይጠፋል፤ ነጩ አጽም በስሱ ሥጋ ውስጥ ይታያል። ይህ የኮራል መንጣት ይባላል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ተርቧል። ሙቀቱ ቶሎ ከቀዘቀዘ አልጌው ሊመለስ ይችላል። ካልቀዘቀዘ በረሃብ ይሞታል። በ1998 እ.ኤ.አ. የሕንድ ውቅያኖስን ያሞቀው ኤልኒኞ በብዙ የኬንያ ሪፎች ላይ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ኮራል ገድሏል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሙቀቶች መጥተዋል። በሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዘርፉ ተቋማት ዓለም በአራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት ውስጥ እንዳለች አስታውቀዋል።

አንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ሙቀቱ ከገደለው እኔ ብነካው ምን ይለውጣል?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፓርክ ተብሎ መከለል ሙቀትን አይከለክልም። ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የተከለለ ሪፍ ከሙቀቱ በኋላ ለማገገም ግን የተሻለ ዕድል ሊኖረው ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ሌላው ሕይወት በቦታው ካለ ነው። እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከራሷ ከኬንያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ኬንያ ማሊንዲንና ዋታሙን በ1968 እ.ኤ.አ. የባሕር ፓርክ አድርጋ ከልላለች። በአፍሪካ ከመጀመሪያዎቹ ናቸው። ይህ ለተመራማሪዎች ትልቅ ዕድል ሆነ። ለአሥርት ዓመታት ማንም ያላጠመደበትን ሪፍ በየቀኑ ከሚጠመድበት ጎን ለጎን ማየት ቻሉ። በዚህ ሥራ ስሙ ጎልቶ የሚነሳው በኬንያ ሪፎች ላይ ለአሥርት ዓመታት የሠራው የባሕር ሳይንቲስት ቲም ማክላናሃን ነው። የተገኘው ነገር ሲጠቃለል ይህ ነው። ትሪገርፊሽ የሚባል፣ ጥርሱ ጠንካራ፣ ጠብ የሚወድ ዓሣ አለ። ይህ ዓሣ የባሕር ጃርት የሚባለውን እሾሃም ክብ እንስሳ ይበላል። እሾሁን አልፎ፣ ገልብጦ፣ ሰብሮ ነው የሚበላው። ትሪገርፊሽ ደግሞ ለመንጠቆ ቀላል ነው፤ ዓሣ ማጥመድ ሲበዛ ቶሎ ከሚያልቁት አንዱ ነው። እሱ ሲያልቅ የባሕር ጃርቱ ያለ ከልካይ ይራባል። ጃርቱ አልጌ ሲግጥ ከሥሩ ያለውን የኖራ ድንጋይም አብሮ ይፍቃል። ብዛቱ ሲጨምር ሪፉ ከሚሠራው በላይ ይፈርሳል። ትንሽ የሚወጣ ኮራልም አብሮ ይጋጣል። ማጥመድ በተከለከለባቸው ፓርኮች ውስጥ ትሪገርፊሹ ስላለ ጃርቱ ጥቂት ነው።

ከዚህ የምትረዱት፣ ሕጉ ኮራልን ብቻ የሚጠብቅ አለመሆኑን ነው። የሚጠብቀው ሰንሰለቱን ነው። ሪፎች ከባሕሩ ወለል ከ1 በመቶ በታች ቢሸፍኑም ከሚታወቀው የባሕር ሕይወት ሩብ ያህሉ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ በእነሱ ላይ የተመሠረተ ነው የሚባለው ሰንሰለቱ ስለበዛ ነው።

እዚህ ላይ የፓርኩንና የጥብቅ ሥፍራውን ልዩነት ማወቅ ጥሩ ነው። ኪሲቴ ፓርክ ስለሆነ ከውስጡ ምንም አይወጣም። ምፑንጉቲ ላይ ግን የአካባቢው ሰዎች በባህላዊ መንገድ ማጥመድ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ እዚያ ዓሣ አጥማጅ ካያችሁ ሕገወጥ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ፓርኩ ሲከለል ከአያት ከቅድመ አያት ያጠመዱበትን ቦታ ያጡ ሰዎች እንደነበሩም መርሳት አይገባም። ዛሬ ጀልባ የሚነዱላችሁ፣ ምሳ የሚሠሩላችሁ ብዙዎቹ የዚያው ማኅበረሰብ ልጆች ናቸው። የምትከፍሉት ገንዘብ መንደሩ ውስጥ የሚቀር ከሆነ ጥበቃው ይጸናል ብዬ አምናለሁ። በባዶ ሆድ ሪፍ ጠብቅ ቢባል የሚሰማ የለም።

ወደ ውሃው እንግባ። ከእኛ ብዙዎቻችን ዋና አናውቅም። ደገኛ ሰው ለዋና ምን አጋጣሚ አለው? ለስኖርክሊንግ ግን ጎበዝ ዋናተኛ መሆን አያስፈልግም። ስኖርክሊንግ ማለት ማስክ አድርጎ፣ በአፍ በያዙት ቱቦ እየተነፈሱ፣ በሆድ ተንሳፍፎ ወደ ታች ማየት ነው። የባሕር ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ያነሳል። ላይፍ ጃኬት ካደረጋችሁ ደግሞ እሱ ያንሳፍፋችኋል። ብዙ አስጎብኚዎች የሕይወት ቀለበት በገመድ ይጎትታሉ፤ እሱን ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ። «ዋና አልችልም» ብሎ ቀድሞ መናገር ምንም አያሳፍርም።

እኔ በዚህ ጉዳይ አንድ ጠንካራ አቋም አለኝ። ኮራል የሚሰበረው በአብዛኛው በክፋት ሳይሆን በድንጋጤ ነው። ውሃ ማስኩ ውስጥ ሲገባ ወይም ቱቦው ውሃ ሲያስገባ ሰው ይደነግጣል። የደነገጠ ሰው እግሩን ወደ ታች ይሰድዳል። ታች ያለው ደግሞ ኮራል ነው። ስለዚህ ትልቁ ጥንቃቄ አስቀድሞ መለማመድ ነው። ሆቴል ገንዳ ካለ እዚያ፣ ከሌለ አሸዋ ባለበት ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ተለማመዱ። በአፍ ብቻ መተንፈስን እስክትለምዱ ቆዩ። ማስክ ውስጥ ውሃ ከገባ ራሳችሁን ከውሃው አውጥታችሁ የማስኩን ታች ሳብ አድርጉት፣ ውሃው ይፈስሳል። ቱቦው ውስጥ ከገባ በአንድ ኃይለኛ እስትንፋስ «ፑ» ብላችሁ ትተፉታላችሁ። እነዚህን ሁለት ነገሮች ገንዳ ውስጥ የቻለ ሰው ባሕሩ ላይ አይደነግጥም።

ማስክ ስትመርጡ ማሰሪያውን ሳታደርጉ ፊታችሁ ላይ ለጠፍ አድርጉትና በአፍንጫ ትንሽ ወደ ውስጥ ሳቡ። እጃችሁን ስትለቁት ሳይወድቅ ከቀረ ልካችሁ ነው። ሹሩባ የተሠራችሁ ሴቶች ልብ በሉ። ከግንባር ላይ አንዲት ቀጭን ጉንጉን እንኳ በማስኩ ጎማ ሥር ከገባች ውሃ ታስገባለች። ፀጉሩን ወደ ኋላ በሻሽ ማሰር ይበጃል። ወፍራም ጺም ያለውም ሰው ትንሽ ይቸገራል፤ ማስኩን በየጊዜው ማፍሰስ ግድ ይሆንበታል። መስተዋቱ እንዳይጨፍግ ምራቅ ቀብቶ በባሕር ውሃ ማለቅለቅ የቆየ ዘዴ ነው፤ ይሠራል።

አንድ አደገኛ ነገር አለ። አንዳንድ ጎረምሳ ወደ ታች ረጅም ለመጥለቅ ብሎ ቀድሞ በፍጥነት ደጋግሞ ይተነፍሳል። ይህን በፍጹም አታድርጉ። ፈጣን ትንፋሽ ሰውነት «አየር አምጣ» የሚልበትን ምልክት ያዘገየዋል። ሰውየው ምንም ሳይሰማው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል። ጎበዝ ዋናተኞች የሚሞቱት እንዲህ ነው።

ማስክ ስታደርጉ ሁሉም ነገር ከእውነተኛው መጠኑ ተለቅ ብሎና ቀረብ ብሎ ይታያል። ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ነው። ስለዚህ ሩቅ መስሎ የታያችሁ ኮራል በእርግጥም ሩቅ ነው፤ ቅርብ የመሰለው ግን ትንሽ ይርቃል። ችግሩ ያለው ከኋላ ነው። መቅዘፊያ ስታጠልቁ እግራችሁ ይረዝማል፤ ጫፉ የት እንዳለም አታዩትም። ከኮራሉ ቢያንስ አንድ ቁመት ያህል ራቁ። ውሃው ጥልቀት ከሌለው መቅዘፍ አቁሙና ዝም ብላችሁ ተንሳፈፉ።

ዝም ብሎ መንሳፈፍ ሌላም ጥቅም አለው። የሚሮጥ ሰው ምንም አያይም። አንድ ቦታ ለአምስት ደቂቃ ቆዩና ስሙ። «ቅርጭም፣ ቅርጭም» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። በቀቀን ዓሣ ነው፤ ባዕድ ስሙ ፓሮትፊሽ ነው። አፉ የወፍ መንቁር ይመስላል። በሱ የሞተ ኮራል ላይ ያለውን አልጌ ከነድንጋዩ ይግጣል። ትንሽ ተከተሉት። ከኋላው ነጭ ብናኝ ሲለቅ ታያላችሁ። የበላው ድንጋይ ተፈጭቶ የወጣው አሸዋ ነው። ፎቶ የምትነሱበት ነጭ የባሕር ዳርቻ ብዙው ክፍል በዚህ ዓሣ ሆድ ውስጥ ያለፈ ነው። አልጌውን ስለሚያጸዳ አዲስ ኮራል የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል። ዳቦ መወርወር የተከለከለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዳቦ የለመደ ዓሣ ጀልባ ጠብቆ ይከማቻል፣ ሥራውን ይተዋል። ዳቦም ምግቡ አይደለም።

ሌላም አለ። ጥቁር መስመር ያላት ጣት የምታህል ሰማያዊ ዓሣ ፈልጉ። ትላልቅ ዓሣዎች ተራ ይዘው አጠገቧ ይቆማሉ። አንዱ አፉን ይከፍታል፤ እሷ ትገባና ጥርሱ መሐል ያለውን ጥገኛ ነፍሳትና የሞተ ቆዳ ትለቅማለች። ሊውጣት ይችላል፤ ግን አይውጣትም። እኔ ስለ ዶልፊን ከሚወራው ሁሉ ይልቅ ይህን ማየት የሚበልጥ ነገር ነው እላለሁ። እግራችሁን ካወራጫችሁ ግን ሰልፉ ይበተናል።

የባሕር ኤሊ ካጋጠማችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በአካባቢው አረንጓዴው ኤሊና አፉ እንደ ጭልፊት የሾለው ኤሊ ይገኛሉ። ኤሊ በሳንባ ነው የሚተነፍሰው። ከታች ወደ ላይ ሲመጣ አየር ፈልጎ ነውና በላዩ አትቁሙበት። ጎን ለጎን፣ ራቅ ብላችሁ ሂዱ። ከእናንተ ለመሸሽ አቅጣጫ ከቀየረ በጣም ቀርባችኋል ማለት ነው። አረንጓዴ ኤሊ ለመውለድ የሚደርሰው 20 ዓመት አልፎት፣ አንዳንዴም ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የአንዱ መሞት ቶሎ የሚተካ አይደለም።

ዶልፊኖቹ ብዙ ጊዜ የሚታዩት በመንገድ ላይ፣ ጀልባው ከሺሞኒ ወደ ኪሲቴ ሲሄድ ነው። እዚህ ላይ ጎብኚው ትልቅ ኃላፊነት አለበት። ዶልፊን እንደኛ ተኝቶ ራሱን አይስትም፤ አየር መሳብ ስላለበት አንጎሉን በፈረቃ ነው የሚያሳርፈው። በዝግታ ተጠጋግተው ሲዋኙ ብዙ ጊዜ እያረፉ ነው። በዚያን ጊዜ ሦስት አራት ጀልባ ከከበባቸው ዕረፍቱ ይቀራል፤ ልጅ የያዙ እናቶችም ይጎዳሉ። ጨዋ ካፒቴን ከጎን በዝግታ ይቀርባል፣ ሞተሩን ያለዝባል፣ መንገዳቸውን አይዘጋም። አንዳንዴ እነሱ ራሳቸው ይመጣሉ። «ፍጠን፣ አሳድዳቸው» የሚለው ግን ብዙውን ጊዜ ተሳፋሪው ነው። ካፒቴኑ ጉርሻ እንዳይቀርበት ይታዘዛል። እባካችሁ ይህን አትበሉ።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ሃምፕባክ የሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከአንታርክቲክ ተነስተው በዚህ ዳርቻ ያልፋሉ። የሚመጡት ለመጋባትና በሞቀ ውሃ ለመውለድ ነው። ያን ጊዜ ግን ባሕሩ ነፋሻማ ነው። ጀልባ የሚያዞረው ሰው ከመነሳቱ በፊት የማቅለሽለሽ መድኃኒት ቢወስድ ጥሩ ነው።

አደጋ የሚያመጡ ፍጥረታትም አሉ፤ ሁሉም ግን ካልነካናቸው አይነኩንም። የባሕር ጃርት እሾህ እግር ውስጥ ይሰበራል። ስቶንፊሽ የሚባለው ዓሣ ድንጋይ መስሎ ይተኛል፤ ጀርባው ላይ መርዛማ እሾህ አለው። ከወጋ ሕመሙ ከባድ ነው። የተወጋውን እግር ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውሃ ውስጥ እያስገቡ ወዲያው ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ኮን የሚባለው ውብ ዛጎል ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ ሰው የሚገድል መርዝ አለው። ዛጎል አታንሱ የሚለው ሕግ እዚህ ላይ ለራሳችሁም ነው። ባዶ የመሰለው ዛጎልም ውስጡ ትንሽ ሸርጣን ተከራይቶ ሊኖርበት ይችላል። በዳርቻው ዛጎልና ኮራል የሚሸጥ ሰው ቢያጋጥማችሁ አትግዙ። ኮራልና የኤሊ ቅርፊት ድንበር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት የተገደበ ነው፤ ኤርፖርት ላይ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ።

ስለ ፀሐይ መከላከያ ክሬም ብዙ ይወራል። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የሚባሉት ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ ኮራልን እንደሚጎዱ ታይቷል። ፓላው በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ሃዋይ በ2021 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ክሬሞችን ከልክለዋል። በባሕሩ ውስጥ ያለው መጠን ምን ያህል ይጎዳል የሚለው ላይ ሳይንቲስቶች አሁንም ይከራከራሉ። የእኔ ምክር ቀላል ነው። እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ሹራብ ልበሱ። በሆድ ተንሳፍፋችሁ ስለምትቆዩ የሚቃጠለው ጀርባና የእግር ባት ነው። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን እርሱት፤ የምድር ወገብ ፀሐይ ከውሃ ነጸብራቅ ጋር ማንንም ያቃጥላል። ለፊት ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ክሬም ይበቃል።

ፕላስቲክን በተመለከተ ኬንያ ጥብቅ ናት። የፕላስቲክ ከረጢት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ከሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ወደ ፓርኮች አይገባም፤ የውሃ ሃይላንድም ጭምር። የራሳችሁን መያዣ ያዙ። የፓርክ መግቢያ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም። በመንግሥት ድረ ገጽ ወይም በስልክ ስለሆነ፣ ከጀልባው ዋጋ ውስጥ ይካተት አይካተት አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለስኖርክሊንግ ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነው። ነፋሱ ይለዝባል፣ ውሃው ይጠራል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ከባድ ዝናብ ስለሚኖር ውሃው ይደፈርሳል። የባሕሩን ሙላትና ጉድለትም ጠይቁ። በዚህ ዳርቻ ልዩነቱ ከ3 ሜትር በላይ የሚደርስበት ቀን አለ። ውሃው በጣም ሲጎድል ኮራሉ ወደ ሆዳችሁ ይቀርባል፤ ለጀማሪ ያ ጊዜ አይመከርም። በሰዓት ጉዳይ አትቸገሩም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። ካፒቴኑ በስዋሂሊ ሁለት ሰዓት ካለ የእኛው ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ከተነጋገራችሁ ግን ስምንት ይላል፤ አጣሩ።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በአየር ጋን የሚደረግ ጥልቅ ዳይቪንግ ከሠራችሁ ወዲያው አትብረሩ፤ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 24 ሰዓት መቆየት ይመከራል። ስኖርክሊንግ ብቻ ከሆነ ይህ አያሳስባችሁም፣ በዚያው ቀን መብረር ትችላላችሁ። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ኤይላት ላይ የተከለለ የኮራል ዳርቻ አላችሁ። ኤይላት ያለችበት የአቃባ ባሕረ ሰላጤ ኮራሎች ሙቀትን በመቋቋም የታወቁ ናቸው። መነካትን ግን አይቋቋሙም፤ ከላይ ያልኩት ሁሉ እዚያም ይሠራል።

ከሪፉ ስትመለሱ ምሳ ብዙ ጊዜ ዋሲኒ ላይ ነው። ደሴቷ ላይ መኪና የለም። የመንደሩ ሴቶች የሚያስተዳድሩት የእንጨት መራመጃ አለ፤ ከባሕር በላይ በቀረ ጥንታዊ ኮራልና በማንግሮቭ (በጨው ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) መሐል ያልፋል። ትንሽ ከፍላችሁ ግቡ። ጠዋት ከውሃ በታች ያያችሁት ነገር ብዙ ሺህ ዓመታት አልፎት ምን እንደሚመስል እዚያ በደረቅ እግራችሁ ታያላችሁ።

ጀልባ ስትመርጡ ዋጋ ብቻ አትጠይቁ። ሪፉ ላይ መልሕቅ ይጥላል ወይስ ከተተከለው ተንሳፋፊ ላይ ይታሰራል? መልሕቅ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ብዙ ኮራል ሊሰብር ይችላል። በልካችሁ ላይፍ ጃኬት አለው? ውሃ ውስጥ አብሯችሁ የሚወርድ ሰው አለ? ለስንት ሰው? በመጨረሻም «ዶልፊን እንደምናይ ዋስትና ትሰጠናለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «አዎ፣ መቶ በመቶ» ካላችሁ ወደሚቀጥለው ጀልባ እለፉ።